የጠረጴዛው ጠብ የወለዳቸው መጻሕፍት

እኛ ጠረጴዛ ላይ ጠብ የሚነሣው ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነው፤ «በየትኛው መጽሐፍ እንጫወት?» ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ የምንኖር የአበሻ ልጆች ነን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ አንዱ ሒሳብ ያስተምራል፣ የእህቴ ልጅ ገና ኮሌጅ ነው። የምንጫወተው የሚና ጨዋታ ነው። ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆንና የገቡበትን ቦታ፣ የገጠማቸውን ነገር ይተርካል። ሌሎቹ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ አስማተኛ ሆነው «እኔ ይህን አደርጋለሁ» ይላሉ። መሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ቦርድ የለውም፤ አሸናፊ የለውም፤ ታሪኩ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀጥላል።

ችግሩ የሕግ መጽሐፉ ነው። አንድ ሳይሆን እልፍ አለ። ገበጣ የሚያውቅ ሰው አዲስ አገር ሲሄድ ጠጠሩን ከመዝራቱ በፊት «እናንተ ዘንድ እንዴት ነው የምትጫወቱት?» ብሎ ይጠይቃል፤ የእኛም ነገር እንደዚያው ነው። የእህቴ ልጅ ስሌት የበዛበትን ይወዳል። አውቶቡስ ነጂው ከሥራ ደክሞ መጥቶ ሦስት መቶ ገጽ አላነብም ይላል። ነርሷ ፈረቃዋ ስለሚቀያየር አንድ ሳምንት መጥታ ሁለት ሳምንት ትጠፋለች። የመምራቱ ዕጣ የደረሰው እኔ ላይ ስለሆነ፣ የትኛው ይሻላል የሚለውን ለመፍታት የመጻሕፍቱን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር መጻሕፍቱን የማይበትን ዓይን ቀይሮታል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ የሆነ ጠረጴዛ የገጠመውን አንድ ችግር ለመፍታት የተጻፉ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ሥር ፕሩሲያ ድረስ ይሄዳል። በ1824 ታናሹ ፎን ራይስቪትስ የተባለ መኮንን፣ አባቱ ለንጉሡ የሠራውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ በካርታ ላይ የሚጫወቱበትን ደንብ አወጣ። በዚህ ጨዋታ ተፋላሚዎቹ ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጣሉ። ዳኛው ለእያንዳንዱ ወገን ሊያየው የሚችለውን ብቻ ያሳየዋል፤ የደረሰውን ጉዳት ደግሞ በዳይስና በሠንጠረዥ ያሰላል። ጨዋታው የመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነ። ሠንጠረዡ ግን መኮንኖቹን አሰለቻቸው። በ1876 ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለ ሌላ የፕሩሲያ መኮንን፣ ልምድ ያለው ዳኛ እያለ ሠንጠረዥ ምን ያደርጋል፣ በራሱ ማስተዋል ይፍረድ የሚል መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ወገኑ ሁለት ነው። የእህቴ ልጅና አውቶቡስ ነጂው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከራከሩት ይህንኑ ክርክር ነው፤ ከእነሱ በፊት ባለ ጢም ጄኔራሎች ተከራክረውበታል።

ክርክሩ ከበርሊን ወደ እኛ ከተማ የመጣው በመጽሐፍ ነው። በ1880 ቶተን የተባለ የአሜሪካ መኮንን «ስትራቴጎስ» የሚል የጦርነት ጨዋታ ደንብ ጽፎ ነበር። ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የሚኒሶታ ወጣት መጽሐፉን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው። ዌስሊንና ጓደኞቹን የማረካቸው አንድ አሳብ ነው፤ ተጫዋች ደንቡ ያላሰበውን ነገር እንኳ ልሞክር ካለ ይሞክር፣ ዳኛው ይፈርዳል። እነዚህ ልጆች በቆርቆሮ ወታደሮች የናፖሊዮንን ዘመን ጦርነት የሚጫወቱ ነበሩ። በ1969 ዌስሊ ብራውንስታይን የምትባል የጀርመን ከተማ ከአእምሮው ፈጥሮ፣ ሁለት ጦር ሊጋጠምባት ነው አለና ጨዋታ አዘጋጀ። አዲሱ ነገር ከጦር አዛዦቹ ሌላ ለቀሩትም ሰዎች ሥራ መስጠቱ ነበር፤ አንዱን ከንቲባ፣ አንዱን የባንክ ባለቤት፣ አንዱን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ አደረገ፣ ለሁሉም የየራሳቸውን የግል ዓላማ ሰጣቸው።

ጨዋታው በዌስሊ ግምት ፈርሷል። ሰዉ ወታደሩን ትቶ ማእዘን ማእዘኑን እየያዘ መሻረክ ጀመረ፤ አንዱ ሌላውን ለፍልሚያ ጠራ፤ ጦርነቱም ሳይደረግ ሌሊቱ አለቀ። ዌስሊ ዝግጅቱ ተበላሸብኝ ብሎ ሲያዝን ልጆቹ ግን ድገምልን አሉት። ለእኔ የሚና ጨዋታ የተወለደው በዚያች ሌሊት ነው። የተወለደውም ከደንብ ሳይሆን ደንቡን ጥሰው ከወጡ ተጫዋቾች ነው።

ዌስሊ ወደ ውትድርና ሲሄድ ነገሩን የያዘው ዴቭ አርነሰን ነው፤ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተማሪ ነበር። በ1971 ግድም ለናፖሊዮን ጨዋታ የመጡ ጓደኞቹ ጠረጴዛው ላይ የመካከለኛው ዘመን ግንብ ቆሞ አገኙ። ብላክሙር ይባላል አላቸው። ግንቡ ሥር ዋሻ አለ፣ ዋሻው ውስጥ ጭራቅ አለ፣ ግቡ! ዛሬ በየመጽሐፉ ገጽ የምናገኛቸው ብዙ ሕጎች እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ሲያኮርፍ የተፈጠሩ ናቸው።

አንዱን ላሳይ። መጀመሪያ የያዙት ደንብ ለጦር ሠራዊት የተሠራ ስለነበር የተመታ ሰው ወዲያው ይሞታል። ሃያ ወታደር ላለው አዛዥ አንድ ቢሞትበት ምንም አይደለም። ያለው አንድ ሰው ብቻ ለሆነ፣ ለዚያውም ስም ላወጣለትና ለወራት ለተጫወተበት ግን ሞቱ እውነተኛ ሐዘን ነው። ልጆቹ አጉረመረሙ። አርነሰን የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የብረት ለበስ መርከቦች ጨዋታ ያውቅ ነበር፤ እዚያ መርከብ ተመትቶ ወዲያው አይሰምጥም፣ ብዙ ምት ይችላል። ያንን አምጥቶ ለሰው ሰጠው። ዛሬ በስልክና በኮምፒውተር ጨዋታ ሁሉ የሚታየው የሕይወት ነጥብ ከመርከብ ለሰው የተዋሰ ነው።

ሌላው የቄሱ ነገር ነው። ከብላክሙር ተጫዋቾች የአንዱ ገጸ ባሕርይ ደም መጣጭ ሆነ፤ ሰር ፋንግ ይባላል። ኃይሉ በየጊዜው እያደገ ሄዶ ሌሎቹን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቸው። ጨዋታው ከዚህ በኋላ አይጥምም ሲባል፣ ሙታንን በመስቀል የሚያባርር ቄስ ተፈጠረ። ከጠንቋይና ከወታደር ጎን ሦስተኛው ዓይነት ሰው የመጣው አንድ ጓደኛ ስለበረታባቸው ነው።

አርነሰን ደንቡን በማስታወሻ ላይ በታትኖ የሚጽፍ ሰው ነበር። ያንን ወደ መጽሐፍ የለወጠው በሌክ ጄኔቫ፣ ዊስኮንሲን የሚኖረው ጋሪ ጋይጋክስ ነው። ሌክ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ የመዝናኛ ከተማ ናት። ጋይጋክስ ጄን ኮን የተባለውን የጨዋታ ጉባኤ በ1968 የጀመረው እዚያ ሲሆን፣ ከአርነሰን ጋር የተዋወቀውም በማግሥቱ ዓመት በተደረገው ጉባኤ ነው። ቺካጎ ውስጥ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር፤ በ1970 ሥራውን ሲያጣ ቤቱ ምድር ቤት ቁጭ ብሎ ጫማ ይሰፋ ጀመር። ልጆች የሚያሳድግ ጫማ ሰፊ፣ ሌሊት ሌሊት በታይፕ ጭራቅ ሲጽፍ ማለት ነው። በ1971 ከጄፍ ፔረን ጋር «ቼይንሜይል» የተባለ የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ደንብ አሳትሞ ነበር፤ የአርነሰን ጠረጴዛ መነሻ ካደረጋቸው አንዱ ይኸው ነው። በ1972 መጨረሻ አርነሰን ሌክ ጄኔቫ ሄዶ ብላክሙርን አጫወተው። ጋይጋክስ ወዲያው ግሬይሆክ የሚባል የራሱን ግንብ ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ልጆቹ ኤርኒና ኤሊዝ ነበሩ።

በ1973 ጋይጋክስና ዶን ኬይ ቲኤስአር የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ለማተሚያ የሚሆን ገንዘብ ይዞ ብራየን ብሉም ተጨመረ። በ1974 መጀመሪያ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ወጣ፤ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ሣጥን፣ ዋጋው 10 ዶላር፣ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ሣጥን። ሣጥኖቹን በእጃቸው እያሸጉ ነው የሸጧቸው።

የእነዚያን መጻሕፍት ጉድለት የሚያህል ጥቅም አላየሁም። ዝርዝሩ ውስጥ ቼይንሜይል ያስፈልጋችኋል ይላል፤ ሌላ ኩባንያ የሚሸጠው «አውትዶር ሰርቫይቫል» የተባለ የቦርድ ጨዋታም ለካርታው ያስፈልጋችኋል ይላል። ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ በየሱቁ ስለማይገኝ ከትምህርት መሣሪያ ሻጭ እያመጡ ያከፋፍሉ ነበር። ቁጥሩ በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጿል እንጂ ቀለም የለውም፤ ገዢው በሰም ከለር ፈግፍጎ፣ ትርፉን በጨርቅ ጠርጎ ነው የሚያነበው። ፕላስቲኩም ለስላሳ ስለነበር ሲጫወቱበት ጠርዙ ይበላል። ጭራቆቹም ቢሆኑ ከተገኘው ነገር የተሠሩ ናቸው፤ ብረት የሚያዝገው አውሬና ጉጉት መሳዩ ድብ መነሻቸው ሆንግ ኮንግ የተሠራ ርካሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው።

ሰው ከዚህ ሁሉ ጋር ገዛው፤ የመጀመሪያው ኅትመት ዓመት ሳይሞላው አለቀ። የጎደለውን ግን እያንዳንዱ ከተማ በራሱ መሙላት ነበረበት፤ የመጻሕፍቱ መብዛት የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ፊኒክስ፣ አሪዞና የሚኖር ኬን ሴንት አንድሬ የተባለ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሣጥኑን አንብቦ ግራ ገባው፤ በ1975 «ተነልስ ኤንድ ትሮልስ» የተባለውን የራሱን ጻፈ። ያልተለመደ ዳይስ ፍለጋ አልሄደም፤ በተራው ባለ ስድስት ገጽ ብቻ ይጫወቱበታል። ጃፓኖችም በ1989 «ሶርድ ወርልድ»ን ሲያወጡ በዚሁ ተራ ዳይስ፣ በኪስ በሚያዝ ርካሽ መጽሐፍ አሳተሙት፤ ተማሪ እንዲገዛው።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ነበር። ስቲቭ ፔሪን ጥሩር ለብሶ በዱላ ሰይፍ የሚፋለም ማኅበር መሥራቾች አንዱ ነው። ጋሻ መመከቱን፣ ክንድና እግር ለየብቻ መቁሰሉን በአካሉ ያውቀዋል። ውጊያ ሌክ ጄኔቫ እንደጻፈችው አይደለም አለና ከጓደኞቹ ጋር በ1978 «ሩንክዌስት»ን ሠራ። ምቱ የት እንዳረፈ በዳይስ ይለያል፤ ሰውም የሚያድገው በደረጃ ሳይሆን በተጠቀመበት ሙያ ነው። ስዊድኖች በ1982 የራሳቸውን ጨዋታ ሲጀምሩ የተመሠረቱት ከዚሁ ቤት በወጣ ደንብ ላይ ነው። በ1977 ኢሊኖይ ውስጥ ማርክ ሚለር ያወጣው «ትራቨለር» ወደ ጠፈር ወጣ። ጨዋታው ሳይጀመር የገጸ ባሕርይህን የአገልግሎት ዘመን በአራት በአራት ዓመት እየከፈልክ ዳይስ ትጥላለህ፤ ሙያ ይጨምራል፣ ዳይሱ ክፉ ከሆነ ግን ሰውየው ጀብዱውን ሳያይ እዚያው ይሞታል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ አውቶቡስ ነጂው አልሳቀም።

በ1981 ሳንዲ ፒተርሰን የጻፈው «ኮል ኦፍ ካቱሉ» ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። ተጫዋቹ ጀግና አይደለም፤ ጋዜጠኛ ወይም መምህር ነው። የሚቆጠረው የአእምሮ ጤናው ሲሆን፣ ምሥጢሩን ባወቀ ቁጥር ይቀንሳል። ነርሷ ከሁሉ የወደደችው እሱን ነው፤ ሰው ሲፈራ እንዴት እንደሚሆን የተረዳ መጽሐፍ ነው ትላለች።

ጋይጋክስ በዚህ ሁሉ መብዛት አልተደሰተም። ጨዋታው ከከተማ ከተማ አንድ ዓይነት እንዲሆን፣ በጉባኤ ውድድር ሲደረግም ዳኛው ሁሉ እኩል እንዲፈርድ ፈለገ። ከ1977 እስከ 1979 «አድቫንስድ» የተባሉት ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ወጡ። አርነሰን ከአዲሱ መጽሐፍ ድርሻዬ ተነፈገኝ ብሎ በ1979 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ1981 በስምምነት አለቀ። የሚያስገርመኝ፣ የዚያ ዘመን ልጆች መጽሐፉን ገዝተው የከበዳቸውን ሕግ እየዘለሉ መጫወታቸው ነው። ወጥ የሆነው ሽፋኑ ብቻ ነበር።

የዚያ ዘመን ሌላው መልክ ፍርሃት ነው። በ1979 አንድ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲጠፋ ጋዜጦች በጨዋታው አሳበቡ። ልጁ በሕይወት ተገኘ፤ ጨዋታውም ምክንያት አልነበረም። ወሬው ግን አልቆመም፤ በሰማንያዎቹ ወላጆችና ሰባኪዎች ጨዋታውን የሰይጣን ሥራ ብለው ዘመቱበት። በ1989 አዲስ እትም ሲወጣ አጋንንቱን ከመጽሐፉ እስከ ማስወጣት ተደርሷል። እናቴም የአሜሪካውን ዘመቻ ሳትሰማ እዚያው ደርሳ ነበር፤ ሽፋኑን አይታ «ይኼ ምንድን ነው ቤቴ ያስገባኸው?» አለችኝ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ የዕቃ ዝርዝር ከፍቼ ተረጎምኩላት። የእንጨት መስቀል አለ፣ የብር መስቀል አለ፣ ቄሱም ሙታንን ያባርርበታል አልኳት። ደስ ብሏት ስትሰማ ቆይታ ጸበሉ ላይ ደረስን፤ አንድ ብልቃጥ 25 ወርቅ። «በገንዘብ? ጸበል በገንዘብ የሚሸጥ ቄስ! በል ሰይጣኑን ተውና እሱን አባሩት» አለች። አስተያየቷን ጠረጴዛው ተቀብሎታል፤ እኛ ዘንድ ጸበል በነጻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ ቶሎ ልለፈው። በ1986 ስቲቭ ጃክሰን ከቴክሳስ «ገርፕስ»ን አወጣ፤ ለየትኛውም ዘመንና ዓለም የሚሆን አንድ ደንብ። የሒሳብ አስተማሪያችን የሚምልበት ነው፤ ሰውን ለመሥራት ግን አንድ ምሽት ይበላል። በ1991 የወጣው «ቫምፓየር» ውጊያውን ትቶ ሐሜትን፣ ፖለቲካንና ጸጸትን መሐል አመጣ፤ ብዙ ሴቶችንም ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ቲኤስአር በ1997 ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ተሸጠ። በ2000 አዲሱ ባለቤት የደንቡን አጥንት ሌሎችም እንዲጠቀሙበት በፈቃድ ሲከፍት በየቤቱ አሳታሚ ፈላ። በ2010 ቪንሰንት ቤከር ያወጣው «አፖካሊፕስ ወርልድ» ጨዋታ መሪው ዳይስ የማይጥልበት ቀጭን ደንብ ነው፤ ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ ቢያየው ደስ የሚለው ይመስለኛል። በጥር 2023 ደግሞ ያን የ2000 ፈቃድ ለመለወጥ ታስቦ ረቂቁ ሲወጣ ተጫዋቹና አሳታሚው ተቆጣ፤ ወሩ ሳያልቅ ኩባንያው ሐሳቡን ትቶ መሠረታዊ ደንቡን ለሁሉም ነጻ አደረገ።

የእኛን ጠብ የፈታልን ግን ከአዲሶቹ አንዱ ሳይሆን የ1974ቱ ሣጥን ውስጥ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። የተጫዋቹ ብዛት ከ4 እስከ 50 ይሆናል፣ ለአንድ ዳኛም 20 ሰው ያህል ይመደብ ይላል። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ሃያ ሰው በአንድ ምሽት ጠረጴዛ ዙሪያ ማለቱ ብቻ አልነበረም፤ ሃያ ሰው በየተራው እየመጣ የሚሄድበትን ግንብ ማለቱም ነበር። ዛሬ የመጣው ይገባል፣ የተገኘውን ይዞ በዚያው ሌሊት ወደ ከተማ ይመለሳል፣ ለሚቀጥለው ሌላ ቡድን ይወርዳል። የቀረ ሰው ታሪክ አያቋርጥም። የዛሬዎቹ ወፋፍራም መጻሕፍት የሚሸጡት ረጅም ተከታታይ ታሪክ ግን አራት አምስት ሰው በየሳምንቱ ሳይቀር ይመጣል ብሎ የሚያምን ነው። የሌሊት ፈረቃና ሁለት ሥራ ያለው ስደተኛ ይህን ቃል መግባት አይችልም። ለካ እኛን ያጣላን የሥራ ሰዓታችን ኖሯል፤ ስለ ዳይስ እየመሰለን።

ስለዚህ እንዲህ ወስነናል። የወትሮው ቅዳሜ የጥንቱ ዓይነት ግንብ ነው፤ ሁሉም በአንድ ገጽ የሚያልቅ ደንብ፣ የመጣ ይጫወት፣ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ከተማ መመለስ ግዴታ። ለእህቴ ልጅ ስል የፔሪንን የቁስል ሠንጠረዥ ከሩንክዌስት ቆርጬ አምጥቼለታለሁ፤ ስሌቱን ራሱ ይሠራል፣ ሌላው አይገደድም። በዓል ሆኖ ሁላችንም ፈቃድ ስናገኝ ደግሞ ነርሷ የመረጠችው የፍርሃቱ መጽሐፍ ይወጣል፤ እሱ በአንድ ሌሊት ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል። የሒሳብ አስተማሪው አሁንም አኩርፏል፤ እሱን ገና አልፈታነውም።

የትኛውን እንግዛ ብለው የሚጠይቁኝ ሌሎች ቡድኖች አሉ። ስም አልጠራላቸውም። በፊት የተጣላችሁበትን ነገር አስታውሱ እላቸዋለሁ፤ ሰው እየቀረ ነው? ጀግናው ቶሎ እየሞተ ነው? አንዱ በርትቶ ሌላው ተመልካች ሆኗል? አርነሰን፣ ሴንት አንድሬና ፔሪን እያንዳንዳቸው የጻፉት ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ መልሳቸውም የሚሠራው ጥያቄው የእናንተም ከሆነ ነው። ካልሆነ፣ መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የገዛችሁት የሌላ ሰው ጠብ ነው።